ሦስት ኤሊዎች በአንድ ሳፋ

ጥቅምት 4

ለእህቴ ልጅ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ከአንሶላ፣ ልብሽም ከሐሳብ ባረፈበት ሰዓት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም የራስህን ኑሮ ኑር ብዬ ትቼዋለሁ። ልጅሽ ድንቡሼ ስሟን አላሳፈረችም፤ ጉንጯ እንዳለ ነው። ስድስት ዓመት ከሞላት ወዲህ ግን ምላሷ ከዕድሜዋ ቀድሟል። ትናንት አንድ ደንበኛ ሰዓቱ ለምን እንደቆመ ሲጠይቀኝ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ሆና “ደክሞት ነው፤ አትነዝንዘው” አለችው። ሰውየው ሳቀ እንጂ ሰዓቱን ወደ ሌላ ጠጋኝ ሊወስድብኝ ይችል ነበር።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። ቤታችን ሦስት እንግዶች ገብተዋል። ከወንዝ አሸዋ የሚያመላልሰውን ሾፌር ታስታውሺው የለ? የአባቱን ሰዓት አሠርቶኝ ነበርና፣ ለልጅቷ ማጫወቻ ይሁን ብሎ በወተት ቆርቆሮ ሦስት የኤሊ ጫጩቶች ይዞልን መጣ። ከኪስ ሰዓት አይበልጡም። አንዷን የያዛት ከወንዙ ዳር ነው፤ አንገቷ ላይ ቢጫ መስመሮች አሏት። አንዷ ከረግረጉ ናት፤ ጀርባዋ እንደ ራሰ ቆዳ ለስላሳ፣ አፍንጫዋ ሹል ነው። ሦስተኛው ከድንጋያማው ኮረብታ የመጣ ጉብ ያለ ነገር ነው፤ ውሃ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ሰማያዊውን የልብስ ሳፋ ለቀቅኩላቸውና ከመሃሉ ድንጋይ አስቀምጬ ሦስቱንም አንድ ላይ አስገባኋቸው። ድንቡሼ ወዲያው ስም አወጣች። ባለመስመሯ “እማማ” ናት፤ አንገቷን ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ስለምትመዝ ሩቅ አገር ታያለች ብላ። ከረግረግ የመጣችው ራሷ ድንቡሼ ናት። ውሃ የሚጠላው ደግሞ እኔ ነኝ! በየሁለት ቀኑ እንደምታጠብ ለማን አቤት ልበል? “ቤተሰብ ናቸው” ብላ ፈርዳለች፤ ይግባኝ የለውም።

አንቺ ያለሽበት አገር ሰው ሁሉን ያውቃል ይባላልና፣ ምን እንደሚበሉ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ለጊዜው የምድር ትል በወረንጦዬ እያጎረስኳቸው ነው፤ የሰዓት ሞላ ከማንሳት ብዙም አይለይም።

በሰላም ዋዪልኝ።
አጎትሽ


ኅዳር 2

ለጋሼ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎንም ሳይረሳ። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የአንሶላ ጋሪ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። “ደክሞት ነው” የሚለው ጋ ብቻዬን ስስቅ፣ ካውያ የምትይዘው ያገሬ ልጅ “ምን ተገኘ?” ብላ መጣች። ሁለታችንም ስቀን ሳንጨርስ ኤሊዎቹ ጋ ደረስኩ።

የምሠራበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ኩሬ አለ፤ ኤሊዎችም አሉት። የሚንከባከባቸውን አትክልተኛ ስለ ምግባቸው ብቻ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። ሦስት ዓይነት፣ ከዱር የተያዙ፣ ገና ጫጩቶች፣ በአንድ ሳፋ ስለው ራሱን ያዘ። የኮረብታው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ይሰምጣል አለኝ። የረግረጓ ተናካሽ ናት አለኝ። የዱር ኤሊ ትልም በሽታም በሆዱ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ የለመደው በሽታ ሌላውን ይገድለዋል አለ። ሰውንም፣ ይልቁንም ሕፃን ያሳምማል፤ ነክተዋቸው እጃቸውን ወደ አፋቸው ከሰደዱ አደጋ ነው አለ።

ጋሼ፣ ይለዩልኝ። ከሁሉም የሚሻለው እያንዳንዱን ከመጣበት መመለስ ነው። እስከዚያው ድንቡሼ በሳሙና ሳትታጠብ እህል እንዳትነካ። “ባለ አንድ ዓይን በአፈር አይጫወትም” ይባል የለ? እኔ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ስሜን ለኤሊ መስጠቷን ሳነብ ደስ አለኝ ልበል? አላለኝም። ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው የተለየኋት፤ አራት ዓመት ሙሉ አላቀፍኳትም። አሁን በመዳፏ የምትይዛት እማማ አገኘች። እኔ በኤሊ ቀናሁ፤ ይሳቁብኝ። አንዳንድ ቀን አንሶላ እያጠፍኩ፣ ብመጣ ታውቀኝ ይሆን እላለሁ። ሰኔ ላይ ውሌ ያልቃል። በምንም ቢሆን እመጣለሁ።

በምኞት ሳይሆን በዓይን ያገናኘን።
የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 1

ለእህቴ ልጅ፤

የምድር ቤቱ ሙቀት ለአጥንትሽ፣ ድካሙ ለጠላትሽ ይሁን። ደህና ነን። ሳሙናው ሳይደርቅ እየታጠብን ነው፤ ድንቡሼ የእኔንም እጅ ካላሸተተች ምሳ አታስበላኝም። በዚህ ዕድሜዬ ተቆጣጣሪ ተሾመብኝ።

መለየቱን ሞከርኩት። የኮረብታውን ካርቶን ውስጥ አድርጌ ሱቁ ጥግ አስቀመጥኩት። ድንቡሼ አላለቀሰችም። ካርቶኑን ተሸክማ መጥታ ሳፋው አጠገብ ተቀመጠች፤ ምሳ እምቢ፣ እራት እምቢ። በማግስቱ “እማማ ስትሄድ እኔንና እሷን ማን ለየን?” ብላ ጠየቀችኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የኮረብታውን ወደ ሳፋው መለስኩት፤ ድንጋዩን ብቻ ከፍ አደረግኩለት። አሁን እንደ ባለሥልጣን ከላይ ሆኖ ይመለከታቸዋል።

ከረግረግ የመጣችው አንዳንዴ የባለመስመሯን እግር ያዝ ታደርጋለች። ጨዋታ ነው። ልጆች አይደሉ?

ይልቅ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ድንቡሼ ፊደል እየለየች ነው፤ መጽሐፏ ደግሞ ያንቺ ደብዳቤ ነው። በጣቷ እየተከተለች “ይቺ የእማማ ለ ናት፤ ይቺ የእማማ ጋ ናት” ትላለች። እኔ ጽፌ ባሳያት “ያንተ አያምርም” አለችኝ። ደብዳቤዎችሽን የምታኖረው ትራሷ ሥር ነው። አትስጊ፤ ማን መሆንሽን አሳምራ ታውቃለች።

ቸር ያሰማን።
አጎትሽ


ታኅሣሥ 24

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ አጭር ቢሆን ፍቅሬ አጥሮ አይደለም፤ የእረፍት ሰዓቴ ሊያልቅ ነው። ያ እግር መያዝ ጨዋታ አይደለም። አትክልተኛውን ጠየቅኩት፤ መያዝ ከጀመረች አትተውም አለኝ። ዛሬውኑ ይለዩአቸው። ታልቅስ፤ ያለቀሰ ልጅ ዝም ማለቱ አይቀርም። እርስዎ ለእኔም እንዲሁ ነበሩ፣ እምቢ ማለት አይችሉበትም፤ ይህን አንድ ጊዜ ግን ይቻሉበት።

መልሱን ቶሎ ይላኩልኝ። ድንቡሼን ይሳሙልኝ፤ እጇን ታጥባ ከሆነ።
የእህትዎ ልጅ


የካቲት 3

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ትዕግሥት ሲያድል ላንቺ ትርፍ ይጨምርልሽ፤ ዛሬ ያስፈልግሻል።

ልጅሽ ደህና ናት፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፍ። ይህን ሁሉ ጊዜ መልስ ያጣሽው እኔ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ባለመስመሯ ሞተች። ጥር አጋማሽ ላይ ነው። ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስነሳ አንገቷ ተነክሶ ተንሳፍፋ አገኘኋት፤ የረግረጓ አጠገቧ ነበረች። ልጅቷ ገና አልነቃችም። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ስትነሳ ምን ልበላት? “እማማ ሞተች” ልበል? “ማን ገደላት?” ስትለኝ “ድንቡሼ” ልበላት? አፌ እምቢ አለኝ። በመነጽር መወልወያዬ ጠቅልዬ ጓሮ ቀበርኳት። “እማማን አሟት ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ” አልኩና ሾፌሩን ለምኜ ከዚያው ወንዝ የምትመስላትን አስያዝኩ። በአራተኛው ቀን “ዳነች!” ብዬ ይዣት ገባሁ።

ድንቡሼ ትኩር ብላ አየቻት። “አንገቷ ላይ ያለው መስመር ሦስት ነበር። አሁን አራት ሆኗል” አለች። “አደገቻ!” አልኳት። አርባ ዓመት ሰዓት ስጠግን የሰው ሰዓት ዕቃ በድብቅ ለውጬ አላውቅም። ይህን ግን ለወጥኩ።

የረግረጓን አሁን በባልዲ ለይቻታለሁ፤ ጉንፋን ይዟታል፣ ለሌሎቹ እንዳታስይዝ ብዬ። አንዱ ውሸት ሌላ ወለደ። አደራሽን፣ ስትጽፊ ነገሩን እንዳታነሺብኝ፤ ድንቡሼ ደብዳቤሽን አሁን ከእኔ ጋር እኩል ነው የምታነበው።

ይቅር በዪኝ።
አጎትሽ


የካቲት 27

ለጋሼ፤

ቅሬታዬ ከአክብሮቴ እንዳይበልጥ ፈጣሪ ይርዳኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህ ለእርስዎ ብቻ ነው፤ አያሳዩአት።

ስለ ኤሊዋ አልቆጣም። ነግሬዎት ነበር፣ የፈራሁት ደረሰ፣ አለቀ። ግን ጋሼ፣ እኔ እዚህ ብሞትስ? የምትመስለኝን ሴት ፈልገው “ዳነች” ብለው በበር ያስገባሉ? መልኳ ቢለይ “አደገች” ይላሉ? ይህን ማሰብ ትቼ ሥራ ልሥራ እላለሁ፤ አልችልም። የምሠራው የአንሶላ መተኮሻው ሮለር ላይ ነው። እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጅ ወጥረው ሲያቀርቡለት ስቦ ይወስደዋል፤ ሐሳብ ላይ ያለ ሰው አይወድም። ከደብዳቤዎ ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል።

ልጄ እውነቱን ትወቅ። ታልቅስ፤ ትቆጣ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ለዶሮ ነው፤ የኔ ልጅ መስመር ትቆጥራለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራ እርስዎን እንዳታምን፣ በእርስዎም በኩል እኔን እንዳታምን እፈራለሁ። እሷ ዘንድ ያለኝ ነገር ያ ወረቀት ብቻ መሆኑን ያውቃሉ።

ሰኔ ሳይደርስ ይንገሯት።
የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 6

ለተከበሩ አጎቴ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛብኝ ሳልጽፍ ቆየሁ። ለልጄ ናፍቆቴን ይግለጹልኝ። በሥራ ምክንያት በሰኔ ወር መምጣት ስለማይመቸኝ፣ የምመጣበትን ጊዜ ወደፊት አሳውቃለሁ። ስለ እኔ ምንም እንዳያስቡ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 25

ይህን ለምታነቢው፤

ሰላምታ ለማን እንደምሰጥ ሳላውቅ ሰላምታ አልሰጥም።

ፖስታውን የከፈተችው ድንቡሼ ናት። ወረቀቱን አየችና ሮጣ ሄዳ ከትራሷ ሥር ያሉትን አመጣች፤ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። “ጋሼ፣ የእማማ ጽሕፈት ተለወጠ” አለች። ቀና ብላ አየችኝ። “አደገች?”

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ማጉያ መነጽሬን አድርጌ ፊደል በፊደል አየሁት። የእህቴ ልጅ እጅ አይደለም። የእህቴ ልጅ “በጣም ደህና ነኝ” ብላ አታውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ የሚቆረጥማት ነገር አታጣም። ጋሼ ትለኛለች እንጂ “የተከበሩ” አትለኝም። እኔም ተከብሬ አላውቅም። ደግሞስ ያንን የመሰለ የቁጣ ደብዳቤ የጻፈች ሴት፣ ለልጄ ነገሯት ወይ ብላ ሳትጠይቅ ትቀራለች? አልነገርኳትም ነበር። ነገ ነገ ስል ይህ መጣ።

ስልክ ቤት ሄድኩ። ሁለት ቀን ከተሰለፍኩ በኋላ ሆቴሉን አገኙልኝ። ያነሳው ሰው በቋንቋው ተናገረ፤ እኔ በቋንቋዬ ጮህኩ። የእህቴን ልጅ ስም አሥር ጊዜ ጠራሁ። ዘጋው።

እንግዲህ አንቺ ይህን የምትጽፊ፣ ማንም ሁኚ፣ ሥራሽን አውቀዋለሁ። እኔም ሠርቼዋለሁ። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ለክፋት አይደለም፣ አፉ እምቢ ሲለው ነው። አልፈርድብሽም። የእህቴ ልጅ ሞታ ከሆነ ግን ሞተች በዪኝ። ለልጅቷ የምነግራት እኔ ነኝ። በሕይወት ካለች ደግሞ በገዛ እጇ አንዲት ቃል ትላክልኝ። ሱቄን ዘግቻለሁ። ልጅቷ በቀን ሦስት ጊዜ ፖስታ መጣ ወይ ትላለች። እኔ እንዳይመጣ እፈራለሁ፣ እንዳይቀርም እፈራለሁ።

ሰዓት ጠጋኙ


ግንቦት 14

ጋሼዬ፤

እኔ ነኝ። አለሁ። ጽሕፈቱ የተጣመመው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ይህን አንድ ገጽ ሦስት ቀን ጽፌዋለሁ።

የቁጣ ደብዳቤዬን ፖስታ ቤት በጣልኩ በሳምንቱ፣ ሮለሩ ቀኝ እጄን ከአንሶላው ጋር ወሰደው። ማሽኑን ያጠፋችው ባለካውያዋ ናት። እሷ ባትደርስ ክንዴም አይተርፍም ነበር። ሁለት ጣት አጥቻለሁ፤ የቀሩት ገና አይታጠፉም። ሐኪሙ ይፍታታሉ ይላል። የሚያዝያውን ደብዳቤ የጻፈችልኝ እሷ ናት፤ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። “በጣም” የሚለውን ግን ከራሷ ነው የጨመረችው፤ ሰው እንዲጽናና ብላ። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብላት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እርስዎን እንዲያ ተቆጥቼ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ እኔም ያንኑ አደረግኩ። አፈርኩ ጋሼ። ለምን እንደደበቅኩ ልንገርዎ። ሰኔ ላይ አልመጣም ያልኩት በሥራ አይደለም፤ ሥራ ላይም አይደለሁ። ፈርቼ ነው። እኔን የምታውቀኝ በጽሕፈቴ ነው፤ ያ ጽሕፈት አሁን የለም። ፊቴን አታስታውሰውም። እንዲህ ያለ እጅ ይዤ ብመጣ፣ “ይቺ እሷ አይደለችም” ብትለኝስ? ይህን ከምሰማ ሩቅ ሆኜ ብናፈቅ ይሻለኛል ብዬ ነበር። አሁን አይሻለኝም።

ይንገሯት። የኤሊዋንም የእኔንም፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን።

እጄ ደከመ።
የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 3

ለእህቴ ልጅ፤

በሕይወት ላኖረሽ ምስጋና ይድረሰው። ደብዳቤሽን፣ ሱቄ ቢዘጋም ሰዓቱን ፍለጋ የመጣ ደንበኛ ፊት ነው የከፈትኩት፤ እንባዬ ሲወርድ አይቶ ሰውየው “ሰዓቴ አይድንም ማለት ነው?” አለኝ። ያን ጊዜ ሳቅኩም አለቀስኩም። ከዚያ “እጄ ይንቀጠቀጥብኛል” ብለሽ የጻፍሽው ትዝ አለኝ። ያንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም።

ነገርኳት። አስቀድሜ የኤሊዋን። ጓሮ ወስጄ የቀበርኩበትን አሳየኋት። “ማን ነከሳት?” አለች፤ ነገርኳት። “ክፉ ሆና ነው?” “አይደለም። የሦስቱ አገር ለየብቻ ነው፤ በአንድ ሳፋ ያጎርናቸው እኛ ነን” አልኳት። አለቀሰች፤ እኔ የፈራሁትን ያህል ግን አይደለም። ፈሪው እኔ ኖሬያለሁ። በማግስቱ በሾፌሩ መኪና ሄደን ሦስቱንም ከየቦታቸው መለስናቸው። የረግረጓ ጭቃው ውስጥ ወዲያው ጠፋች። አዲሷ ባለመስመር ወንዙ ዳር ትንሽ ቆማ ገባች። የኮረብታው፣ ሞክሼዬ፣ እስኪሄድ ድረስ ግማሽ ቀን አስቆመን።

ስንመለስ የአንቺን ነገርኳት፤ ደብዳቤሽንም ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ። “ይሄም የእሷ አይደለም” አለች። በግራ እጇ ነው የጻፈችው ብዬ፣ እኔም በግራ እጄ ጽፌ አሳየኋት። ማልኩላት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? “ኤሊዋንም እማማ ናት ብለኸኝ ነበር።” አልጮኸችም፤ አላኮረፈችም። ከትራሷ ሥር ያሉትን የቆዩ ደብዳቤዎችሽንም አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከተፈቱት ሰዓቶች መሃል አስቀመጠች። “የማን እንደሆኑ እንጃ” አለችና ወጣች።

ልጄ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ መጠገን ግን አልችልም። አንቺም በወረቀት አትችዪም። በቀኝ ጻፊ፣ በግራ ጻፊ፣ አታምንም። ልጅቷ አሁን ስለ አንቺ አትጠይቅም፤ እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ስምንት ጣት ይበቃል። ከእንግዲህ ደብዳቤ አትላኪ። ነዪ።

አጎትሽ


ሰኔ 26

ለጋሼ፤

አትላኪ ያሉኝን ደብዳቤ ይህን አንዱን ይፍቀዱልኝ። ትኬት ቆርጫለሁ፤ ሐምሌ 18፣ ሐሙስ ጠዋት እደርሳለሁ። እጄን የምሸፍንበት ጓንት ገዝቼ ነበር፤ ለባለካውያዋ ትቼላት እመጣለሁ።

እንደምመጣ ለድንቡሼ አይንገሯት። አታምንዎትም፤ እውነቷንም ነው። እርስዎ ሱቅዎ ውስጥ ይቆዩ፣ አይቀበሉኝ፣ አያስተዋውቁን። ሳንኳኳ በሩን እሷ ትክፈተው።